«የአሮጌውን ጀርባ አንብበህ ግዛ» ለሚለው የብሮንዚና ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ ከጋራዥ ጋራዥ ሲዞር የከረመ አንድ ጽሑፍ አለ፣ ሞተር ሲታደስ ብሮንዚና (ክራንኩ፣ ማለትም የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ የሚሽከረከርበት ግማሽ ክብ ቀጭን ብረት) እንዴት እንደሚመረጥ የሚናገር። ለኔ ከደብረ ብርሃንም ከሸዋ ሮቢትም ልከውልኛል፣ አንዱ «እውነት ነው ወይ ጋሼ» ብሎ፣ ሌላው ጭራሽ አምኖበት በዛው ሊሰራ ተነስቶ። ጸሐፊው ስሙን ባይጽፍም እጁ ዘይት የነካ ሰው መሆኑ ከአጻጻፉ ያስታውቃል፣ ስለዚህ ንቄው አይደለም የምመልስለት፣ እንደውም ካለው ውስጥ ብዙው እውነት ስለሆነ ነው የቀረው አደገኛ የሆነው፣ ሰው እውነቱን አይቶ ሌላውንም አብሮ ይውጠዋል።

መጀመሪያ ያለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። አንድ፣ ሞተሩን ስትፈታ የአሮጌውን ብሮንዚና ጀርባ አንብብ፣ ስታንዳርድ (ላልተላገ ክራንክ) ካለ ስታንዳርድ፣ 025 (በ0.25 ሚሊ ተልጎ ለቀጠነ ክራንክ) ካለ 025 ግዛ፣ ስታንዳርድ ሁሉ አንድ ነው፣ ብሎክ (የሞተሩ ዋና አካል) እና ክራንክ ላይ የተመቱት ቁጥሮች ለፋብሪካው እንጂ ለኛ አይደሉም ይላል። ሁለት፣ መለካት ካስፈለገ ካሊፐር ይበቃል፣ ማይክሮሜትር (ከካሊፐር የረቀቀ መለኪያ) እና ፕላስቲጌጅ (ክፍተት መለኪያ ክር) ቅንጦት ነው፣ ዋናው ክራንኩ በእጅ ሲዞር መቅለሉ ነው ይላል። ሦስት፣ የቢየላው (ፒስቶኒውን ከክራንኩ የሚያገናኘው ዘንግ) 050 ከገባ የሜኑም (ክራንኩ ራሱ ብሎኩ ላይ የሚያርፍበት) 050 መሆን አለበት፣ ክራንኩንም እስከ 1 ሚሊ ድረስ ሳትሰጋ አስልገው ይላል። አራት፣ ብሮንዚናው ላላ ካለ ከጀርባው የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለችውን ብርማ ወረቀት ማስገባት ወይ ካፑን (ብሮንዚናውን ይዞ የሚታሰረውን ክዳን) ትንሽ መሞረድ፣ ከዛ ወፈር ያለ ዘይት መጨመር። አምስት፣ እንደኛ ደጋ አገር ለሚሰራ መኪና በክራንኩና በብሮንዚናው መሃል ያለውን የዘይት ክፍተት ላላ አድርገህ ስራ ይላል።

የመጀመሪያው ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዛ ነው።

አሮጌውን አትጣሉ፣ አንብቡት ያለው ልክ ነው፣ ብዙ ልጆች ሞተር ሲፈቱ አሮጌውን ብሮንዚና ሰብስበው ለቆራሌው ነው የሚሰጡት። ግን አሮጌው የሚነግርህ ሌላ ነገር ነው። በየቁጥሩ ደርድረህ ፀሐይ ላይ እየው፦ ግራጫው ንጣፍ አንድ ጠርዝ ላይ ብቻ ተልጦ ከስሩ መዳብ የመሰለ ቀይ ከታየ ጆርናሉ (ብሮንዚናው ውስጥ የሚዞረው የክራንኩ ክብ ክፍል) ወደ አንድ ጎን ሾጥጧል ወይ ቢየላው ተጣሟል። ዙሪያውን በቀጫጭን መስመር ከተጫረ ዘይቱ ቆሻሻ ይዞ ሲዞር ነበር። ጀርባው ላይ ተፋትጎ የሚያብለጨልጭ ቦታ ካለ ደሞ ብሮንዚናው ቤቱ (የሚቀመጥበት ቀዳዳ) ውስጥ ሲላወስ ነበር ማለት ነው። 025 የሚለው ጽሑፍ ግን የሚነግርህ ባለፈው የሰራው ሰው ምን እንደገዛ ብቻ ነው፣ ልክ ይግዛ አይግዛ አይነግርህም። ሞተሩ ብሮንዚና በልቶ እኮ ነው አንተ ጋ የመጣው፣ የበላው ምናልባት ያ ምርጫ ስህተት ስለነበረ ቢሆንስ? ያንኑ ደግመህ ገዝተህ ልታስገባ ነው።

ወደ ቁጥሮቹ ልምጣ። በየሰፈሩ ያለውን የኮሮላውን ፎር ኤ ኤፍ ኢ ሞተር እንውሰድ። አምስት የሜን ጆርናል አለው፣ የጆርናሉ ስታንዳርድ ውፍረት ከ47.982 እስከ 48.000 ሚሊ ነው። ቶዮታ ይችን 0.018 ሚሊ ሦስት ቦታ ከፍሎ ክራንኩ ላይ 0፣ 1፣ 2 ብሎ ይመታል፣ 0 ወፍራሙ ነው፣ 2 ቀጭኑ። ብሎኩ ላይም የብሮንዚናው ቤት ስፋት 1፣ 2፣ 3 ተብሎ ተመቷል። ሁለቱን ትደምራለህ፣ ድምሩ የብሮንዚናው ቁጥር ነው፣ ብሎክ 2 ክራንክ 1 ከሆነ ብሮንዚና 3 ማለት ነው። ለያንዳንዱ ጆርናል ለየብቻ ነው የሚደመረው፣ አምስቱም ላይ አንድ አይነት ቁጥር ላይመጣ ይችላል። ከ1 እስከ 5 ያሉት ብሮንዚናዎች አንዱ ከሌላው የሚለየው በ0.003 ሚሊ ነው፣ ሁሉም ስታንዳርድ ናቸው። የሚፈለገው የዘይት ክፍተት ደሞ ከ0.015 እስከ 0.033 ሚሊ ነው።

አሁን «ስታንዳርድ ሁሉ አንድ ነው» ብለን እንስራ። ብሎኩ 1 ክራንኩ 0 ነው እንበል። የብሎኩ ቤት መሃል ለመሃል 52.028፣ ጆርናሉ 47.997፣ ልዩነቱ 4.031 ነው። ትክክለኛው 1 ቁጥር ብሮንዚና አንዱ ግማሽ 2.0035 አካባቢ ነው፣ ላይና ታቹ ሲደመር 4.007፣ ስለዚህ ለዘይት የሚተርፈው 0.024 ነው፣ ልክ መሃሉ ላይ ተቀመጠ። እዛው ቤት ውስጥ 5 ቁጥር ብታስገባ ግን አንዱ 2.0155 ሁለቱ 4.031። የሚተርፈው ዜሮ። ዘይት የሚገባበት ቦታ የለም። የብሮንዚናው ጀርባ እና ካርቶኑ ላይ ግን ስታንዳርድ ነው የሚለው፣ ጸሐፊው እንዳለው ያነበበ ሰው ምንም አላጠፋም፣ ሞተሩ ግን ይነክሳል።

እዚህ ጋ ለጸሐፊው አንድ ነገር ልስጠው፣ ፍትሃዊ ለመሆን። ሱቅ ላይ በብዛት የሚሸጠው ኦሪጅናል ያልሆነ ስታንዳርድ ሴት (ሙሉ ስብስብ) በቁጥር ተለይቶ አይመጣም፣ አንድ መሃለኛ ውፍረት ነው ያለው፣ እና እሱ ባልተበላ ክራንክ ላይ ሲገባ ብዙውን ጊዜ ልኩ ውስጥ ወይ ልኩ አፋፍ ላይ ያርፋል። ከላይ ባለው ሂሳብ መሃለኛውን 3 ቁጥር የትም ብታስገባው ክፍተቱ ከ0.012 እስከ 0.036 ቢሆን ነው። ስለዚህ «ስንት ዓመት ቁጥር ሳላይ ሰራሁ፣ ምንም አልሆነም» የሚለው ሰው አልዋሸም። ችግሩ የሚመጣው ኦሪጅናል ተብሎ በቁጥር የተለየ ዕቃ ሲገኝ ነው፣ ከሶማሌ ተራ አንዱ «ጃፓን ነው» ብሎ የላከልህ ሴት 5 ቁጥር ሊሆን ይችላል፣ ወይ ከሁለት ካርቶን የተቀላቀለ ሊሆን ይችላል፣ እና ቁጥሩ ለኛ አይደለም ብለህ ካመንክ አታየውም።

ሌላው «025 ካለ 025 ግዛ» የምትለዋ ነገር ክራንኩ 025 ላይ እያለ ከተበላ አትሰራም። ጆርናሉን ሁለት ቦታ ላይ፣ በያንዳንዱ ቦታ ደሞ በ90 ዲግሪ ሁለት አቅጣጫ ትለካለህ፣ አራት ንባብ። በአራቱ መሃል ያለው ልዩነት ለዚህ ሞተር ከ0.02 ሚሊ በላይ ከሆነ ክብነቱን አጥቷል ወይ ሾጥጧል፣ አዲስ 025 ብታለብሰውም አንዱ ጎን ይነክሰዋል ሌላው ጎን ያፈሳል። መላግ አለበት፣ ከተላገ ደሞ 050 ነው። አንዳንድ ልጆች የሚሳሳቱት ሌላ ነገር አለ፣ 025 ብሮንዚና ማለት ብሮንዚናው በ0.25 ወፈረ ማለት አይደለም፣ ክራንኩ በ0.25 ቀጠነ ማለት ነው፣ ብሮንዚናው እያንዳንዱ ግማሽ በ0.125 ነው የሚወፍረው። ይሄን ያላወቀ ልጅ አዲሱን በማይክሮሜትር ለክቶ «ልክ አይደለም» ብሎ ትክክለኛውን ዕቃ ሱቅ ሲመልስ አይቻለሁ።

እናም ተራው ይሄ ነው፦ መጀመሪያ ለካ፣ ከዛ ወደየትኛው መጠን እንደምትወርድ ወስን፣ ከዛ ብሮንዚናውን ፈልገህ እጅህ አስገባ፣ ክራንኩን ወደ ቶርኖ ቤት (ወደሚላግበት) የምትልከው ከዛ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ገልብጦ ነው የሚሰራው፣ ክራንኩን ለ075 አስልጎ ይመጣና ብሮንዚናው ደብረ ብርሃንም የለ፣ 130 ኪሎ ሜትር ሄዶ አዲስ አበባም የለ። ብሮንዚናው በእጅህ ካለ ብሎኩ ላይ አስገብተህ ካፑን በልኩ አጥብቀህ የውስጥ ስፋቱን ለክተህ፣ ለቶርኖው ሰውዬ «እዚህ ቁጥር ላይ አምጣልኝ» ብለህ ወረቀት ላይ ጽፈህ ትሰጠዋለህ። «025 አድርግልኝ» እና «47.75 አካባቢ እዚህ ነጥብ ላይ አቁምልኝ» በጣም የተለያየ ትዕዛዝ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ካሊፐር። እዚህ ላይ አልስማማም ብቻ ሳይሆን በቁጥር ራሱ አይሆንም። ከላይ ያየነው የሚፈቀደው ክፍተት ከታች እስከ ላይ በጠቅላላ 0.018 ሚሊ ነው። ጋራዦቻችን ውስጥ ያለው ተራ ካሊፐር የሚያነበው ትንሹ ነገር 0.02 ወይ 0.05 ሚሊ ነው። የመለኪያው አንድ መስመር ከምትለካው ነገር ይበልጣል፣ በቁና ወርቅ እንደመመዘን ነው። ካሊፐር ክራንኩ ስታንዳርድ ነው ወይስ 025 ወይስ 050 የሚለውን ለመለየት ይሆናል፣ እሱ ላይ ጸሐፊው ልክ ነው፣ ከዛ ወዲያ ግን አይናገርም።

ደሞ ማይክሮሜትርም ይዞ የሚሳሳት አለ፣ በተለይ እኛ አገር። ጥቅምት ኅዳር ላይ የደብረ ብርሃንን ውርጭ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ክራንኩ ሌሊቱን በረንዳ ላይ አድሮ ጠዋት 5 ዲግሪ ላይ ይገኛል፣ የፋብሪካው ቁጥር ደሞ 20 ዲግሪ ላይ ነው የሚታሰበው። ብረት በዲግሪ በሜትር ወደ 11.5 ማይክሮን ይለጠጣል፣ 48 ሚሊ ጆርናል በ15 ዲግሪ ልዩነት ወደ 0.008 ሚሊ ይቀንሳል ማለት ነው። ከጠቅላላው 0.018 ላይ ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ብሎኩን በሙቅ ውሃ አጥበህ፣ ክራንኩን ከውጭ አምጥተህ ወዲያው ከለካህ የምታነበው ክፍተት ውሸት ነው። ሁለቱንም ማይክሮሜትሩንም አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጠህ ረፋድ ላይ ለካ፣ ገንዘብ አይጠይቅም።

በእጅ ማዞሩን በተመለከተ፣ እኔም አዞራለሁ፣ ሁሉም ጥሩ መካኒክ ያዞራል። ግን በእጅ መቅለሉ የሚያረጋግጠው አለመጥበቡን ነው። መላላቱን አያሳይም። 0.03 ክፍተት ያለውም 0.12 ያለውም እጅህ ላይ እኩል ይቀላሉ፣ እንደውም የላላው ይበልጥ ይጣፍጣል። ለዛ ነው ፕላስቲጌጅ የሚያስፈልገው፣ እሱ ደሞ ቅንጦት አይደለም፣ ሰም የመሰለች ቀጭን ክር ናት። ጆርናሉንና ብሮንዚናውን ከዘይት አጽድተህ ክሯን በጆርናሉ ርዝመት ታስቀምጣለህ፣ ካፑን በቶርክ ቁልፍ በልኩ ታጠብቃለህ፣ ክራንኩን ጭራሽ ሳታዞር ትፈታዋለህ፣ የተጨፈለቀችውን ስፋት ማሸጊያዋ ላይ ካለው መስመር ጋር ታስተያያለህ። አረንጓዴዋ ከ0.025 እስከ 0.076 ሚሊ ታነባለች፣ ለቤት መኪና የምትሆነው እሷ ናት። ከአረንጓዴዋ ልክ በታች ያለውን ግን አታነብም፣ እና የጆርናሉን መሾጥጥ የምታሳየው ክሯ ዳርና ዳር ስፋቷ ሲለያይ ነው፣ ክብነት ማጣቱን ደሞ በደንብ አታሳይም፣ ስለዚህ ከማይክሮሜትር ጋር እንጂ በሱ ምትክ አይደለችም።

ሦስተኛው ቶሎ ያልቃል። የቢየላና የሜን መጠን አንድ መሆን የለበትም። ቢየላው 050 ሆኖ ሜኑ ስታንዳርድ ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱ የማይገናኙ ጆርናሎች ናቸው፣ ሜኑ ደህና ሆኖ ሳለ ማስላግ የባለቤቱን ገንዘብና የክራንኩን ዕድሜ በከንቱ መብላት ነው። አንድ መሆን ያለባቸው እርስ በርስ ናቸው፣ አራቱም ቢየላ በአንድ መጠን፣ አምስቱም ሜን በአንድ መጠን፣ ካልሆነ ብሮንዚናው በሴት ስለሚሸጥ ሁለት ሴት ትገዛለህ፣ ከአንተ በኋላ የሚፈታውም ሰው ይሳሳታል። «እስከ 1 ሚሊ ሳትሰጋ» የሚለው ደሞ ያሰጋል። አንዳንዱ ክራንክ ላዩ ላይ ብቻ ስስ ጠንካራ ሽፋን ነው ያለው፣ እሱ ከተላገ ከስር ለስላሳ ብረት ነው የሚቀረው፣ ቶሎ ይበላል። ጆርናሉ ከጎኑ ጋር የሚገናኝባት ክብ ማዕዘን በድንጋዩ ከጠፋች ደሞ ክራንኩ ከዛች ቦታ ተሰንጥቆ ይሰበራል። የቅርብ ጊዜ ብዙ ሞተሮች ማኑዋል ላይ 025 የሚባል ነገር ጭራሽ የለም፣ ከልኩ ከወጣ ክራንኩን ቀይር ነው የሚለው። ዋጋው እንደሚያም አውቃለሁ።

አሁን ወደ ብርማዋ ወረቀት። ይሄን አንቀጽ ሳነብ ነው ለመጻፍ የተነሳሁት።

ብሮንዚና ቤቱ ውስጥ የሚይዘው ጥርሷ አይደለችም፣ ጥርሷ ስታስገባው ቦታውን ለማሳየት ነው። የሚይዘው ሁለቱ ግማሾች ከቤቱ በጥቂቱ በልጠው ስለሚሰሩ ካፑ ሲጠብቅ ተጨንቀው ከብረቱ ጋር ስለሚገጥሙ ነው፣ ያ መጨናነቅ ነው ብሮንዚናው እንዳይዞር የሚያደርገው፣ ሙቀቱም የሚወጣው ጀርባው ከቤቱ ጋር ሙሉ ለሙሉ ስለተገናኘ ነው። መሃል ላይ ወረቀት ስታስገባ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ወረቀቷ ያረፈችበት ቦታ ያብጣል፣ ሌላው ቦታ ባዶ ይሆናል፣ ሞተሩ ሲሞቅ ወረቀቷ ትደቃለች፣ ከዛ ክፍተቱ ድሮ ከነበረውም ይብሳል። ካፑን ስትሞርድ ደሞ የምታጠበው ከላይ ወደ ታች ያለውን ብቻ ነው፣ ጎንና ጎኑ ባለበት ነው የሚቀረው፣ ቀዳዳው ክብ መሆኑ ቀርቶ እንቁላል ይሆናል። ካፕ እኮ ከብሎኩ ጋር አብሮ ታስሮ የተበሳ ነው፣ አንዴ ከሞረድከው የሚመለሰው በማሽን ብቻ ነው። ለአንድ ሴት ብሮንዚና ብለህ ብሎክ አበላሸህ ማለት ነው።

ብሮንዚናው አንድ ቀን ቤቱ ውስጥ ከዞረ የዘይት ቀዳዳውን ይዘጋዋል፣ የተዘጋ ቢየላ ረጅም መንገድ አይሄድም፣ ተሰብሮ የብሎኩን ጎን በስቶ ይወጣል። ይሄ ጣርማ በር ዳገት ላይ አስራ ምናምን ሰው የጫነ አባዱላ ላይ ሲሆን አስቡት፣ የሚፈሰው ዘይት ጎማ ስር ነው የሚገባው።

ወፍራም ዘይቱስ? ጸሐፊው የዘይት ግፊት ማስጠንቀቂያ መብራቱን ያጠፋል ይላል፣ አዎ ለጊዜው ሊያጠፋው ይችላል። ግን የላላ ብሮንዚና ዘይት የሚያፈሰው ከክፍተቱ ጋር እኩል እየጨመረ አይደለም፣ ክፍተቱ እጥፍ ሲሆን የሚፈሰው ወደ ስምንት እጥፍ ይጠጋል። ይሄን በዘይት ውፍረት አትሸፍነውም። ምልክቱን የኛ መንገድ ሹፌሮች ያውቁታል፣ ደብረ ብርሃን ጠዋት ሲነሳ መብራቱ ሰላም ነው፣ ሸዋ ሮቢት ደርሶ ዘይቱ ሲግል አይድል ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። በወፍራም ዘይት ያንን ብታዘገየው እንኳ በነጋታው ውርጭ ላይ ስታስነሳው ዘይቱ ወፍሮ እስኪደርስ ድረስ ደረቁን ነው የሚሽከረከረው። ማኑዋሉ የሚለውን ዘይት ጨምር፣ መብራቱ ካልጠፋ ፍታው።

የመጨረሻው የደጋው ነገር። ብዙ ሰው ይሄን ይወደዋል፣ ለአገሩ የተሰራ ምክር ስለሚመስል። ከፍታ የሚቀንሰው አየር ነው። ተርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 ፐርሰንት ገደማ ጉልበት ያጣል፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ስለዚህ ፒስቶኒው ብሮንዚናውን የሚጫንበት ኃይል እዚህ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ክፍተት ለማላላት ምንም ምክንያት የለም። ደሞ ደጋ ብቻ የሚኖር መኪና የታለ? ከዚህ የተነሳ መኪና በሰዓታት ውስጥ 3,000 ሜትር አልፎ፣ ጣሊያን በቆፈረው ዋሻ ገብቶ ወጥቶ፣ ደብረ ሲናን ወርዶ 1,300 ሜትር ገደማ ሙቀት ውስጥ ነው። አንዱን ሞተር ለሁለት አገር ልታላላና ልታጠብቅ አትችልም።

ብሮንዚናን ዳገት ላይ የሚበላው ሌላ ነው፣ እና ጸሐፊው ይሄን ቢጽፍልን ኖሮ ትልቅ ነገር ነበር። ክራንኩን ከብሮንዚናው የሚለየው የፓምፑ ግፊት አይደለም፣ ፓምፑ ጥቂት ባር ነው የሚሰጠው፣ ክራንኩ ሲሽከረከር ራሱ ዘይቱን ጎትቶ ከስሩ ያስገባዋል፣ እዛ ውስጥ ግፊቱ በመቶዎች የሚቆጠር ባር ይደርሳል። ይሄ እንዲሆን ፍጥነት ያስፈልጋል። ከደብረ ሲና ወደ ላይ ስትወጣ በትልቅ ቁጥር ማርሽ (አራተኛ ወይ አምስተኛ) ሞተሩን አፍነህ ነዳጁን ስትረግጥ ፍጥነቱ ትንሽ፣ ጭነቱ ትልቅ፣ ዘይቱ ደሞ ግሎ ቀጥኗል፣ ሦስቱም አንድ ላይ። ንጣፉ የሚላጠው ያኔ ነው። ማርሽ ቀንስና ሞተሩን አስጩኸው፣ ብሮንዚናውን በልኩ ስራው።

የዕቃ ዋጋ የጋራዥ ልጆችን ወደ ብርማ ወረቀት እንደሚገፋ ይገባኛል፣ ጸሐፊውም ከክፋት አይደለም የጻፈው። ግን ማይክሮሜትር እያንዳንዱ ጋራዥ መግዛት የለበትም፣ ሁለት ሦስት ሆኖ መግዛት ይቻላል፣ ቶርኖ ቤቶቹም አላቸው፣ ክራንክ ስታስገባ «አራቱን ንባብ በየጆርናሉ ጻፍልኝ» ማለት ነው፣ ያልጻፈልህ አልለካም። ጸሐፊው ይሄን ካነበበ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ስለ ቁጥሩና ስለ ካሊፐሩ እንከራከር፣ መልስ ካለው በደስታ አነባለሁ፣ የወረቀቷንና የሞረዱን አንቀጽ ግን ዛሬውኑ ያንሳው፣ ሰው እያነበበ እየሰራበት ነው።